ለሚጡ፦ አንድ ልጨምር አትበይ

ውድ ልጄ ሚጡዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሰላም ትልሻለች፤ በርበሬውን እርጥበት እንዳያገኘው ክዳኑን አጥብቂው ብላለች። አያትሽም ስለ ብርዱ እየጠየቀች ነው፤ ደውይላት።

ይህን የምጽፍልሽ አብሮሽ የሚጫወተው ናቲ ስለነገረኝ ነው። ቅዳሜ ማታ ሞንስተር ሀንተር የሚባለው የአደን ጨዋታችሁ ውስጥ፣ ቲግሬክስ የሚሉት አውሬ ላይ ሦስቱንም ጊዜ የወደቅሽው አንቺ ነሽ አሉ። መውደቁስ ምንም አይደል፤ ቲግሬክስ ስንቱን ጥሏል። ግን ሦስተኛው ላይ ቃል ሳትተነፍሺ ስዊችሽን፣ የጨዋታ ማሽንሽን፣ ዘግተሽ ሄድሽ፤ የቡድንሽ ቤቲ እሑድ ብትደውል አላነሳሽም። ያሳሰበኝ ይሄ ነው። በስልክ ብነግርሽ «እሺ አባዬ» ብለሽ ታልፊኛለሽ፤ ስለዚህ ጻፍኩት፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ሞንስተር ሀንተር ራይዝ ላይ አራት ሆናችሁ ስትወጡ ለእያንዳንዳችሁ ሦስት ነፍስ አልተሰጣችሁም። ሦስቱ ውድቀት የቡድኑ በሙሉ ነው። አንዱ ሰው ሦስቴ ቢወድቅም፣ ሦስት ሰው እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ቢወድቅም ተልእኮው ያልቃል፤ በየውድቀቱም የአራታችሁም የሽልማት ገንዘብ ይቀነሳል። በቡድን የሚወጣበት የጋዘሪንግ ሀቡ አውሬ ደግሞ እንደ ሰዉ ብዛት ላይፉ ይጨምራል። ለአራት ሰው የተዘጋጀ አውሬ ፊት አንዱ ካምፕና ሜዳ ሲመላለስ የእሱን ድርሻ የሚመቱት ሌሎቹ ናቸው። ይህን ታውቂዋለሽ፤ ግን በጨዋታው መሃል ትረሺዋለሽ።

የምትወድቂበት ምክንያት አንድ ነው፤ ናቲ ሳይነግረኝም አውቀዋለሁ። አንድ ልጨምር ትያለሽ። ግሬት ሶርድ፣ ትልቁን ሰይፍ፣ ይዘሽ ሁለተኛውን ቻርጅ (ኃይል አጠራቅመሽ የምትመቺውን) ካሳረፍሽ በኋላ ቲግሬክስ ፊቱን ሲያዞር ሰይፉን ከቶ መሸሽ ሲገባሽ፣ «አንድ ልጨምር» ብለሽ ሦስተኛውን ትጀምሪያለሽ። ግሬት ሶርድ ደግሞ አንዴ ከተነሳ ቶሎ አይመለስም፤ ቀላሎቹ ሁለት ሰይፎች፣ ዱዋል ብሌድስ፣ ቢሆኑ ዘለሽ ትወጪ ነበር። ስለዚህ ሰይፉን እንደ ዣንጥላ ያዢው፤ ዝናቡ ሲመጣ ብቻ ይከፈት፣ ቀሪውን ጊዜ ተዘግቶ ጀርባሽ ላይ ይኑር። ሰይፉን ቶሎ የሚያስከትተው ኩዊክ ሺዝ የሚባለው ስኪል እስከ 3 ደረጃ ስላለ፣ ስኪል የሚጨምረውን ጌጥሽን ወደዚያ አዙሪው። ከጉዳት ቁጥር ይልቅ ላንቺ እሱ ይበልጥብሻል።

ቲግሬክስን ደግሞ ስሚኝ። ተንደርድሮ ካለፈሽ ጨረሰ ብለሽ አትሩጪበት፤ ዞሮ እንደገና ይመጣል፣ አንዳንዴም ሦስተኛ ይጨምራል። መንደርደሩን አቁሞ ሲንሸራተት ብቻ ነው መጠጋት። ፊት ለፊቱ አትቁሚ፤ ወደ ኋላ እግሩ ተጠጊ፤ ግን እግሮቹን ሰብስቦ ሊሽከረከር ሲል እዚያም አትቆዪ፣ ዙሪያውን በሙሉ ይጠርጋል። ክንዱና ጭንቅላቱ ላይ ደም ሥሮቹ ቀይ ሆነው ከወጡ ተቆጥቷል፤ ፍጥነቱም ጉልበቱም ይጨምራል። ጩኸቱ ከሌሎቹ አውሬዎች ይለያል፤ አጠገቡ ካለሽ ጆሮ ማስያዝ ብቻ ሳይሆን ይጥልሻል፣ ላይፍም ይወስዳል። ድካሙ ሲመጣ ምራቁን እያዝረበረበ ይቆማል፤ ያኔ ረጅሙን ቻርጅሽን አውጪው። መብረቅ ይጎዳዋል፤ ግን ላንቺ ዓይነቱ ቀርፋፋና ከባድ መሣሪያ ኤለመንት፣ እንደ መብረቅ ያለው ጉዳት፣ ብዙም አይረዳም፣ እሱ ደጋግሞ ለሚመታው ለናቲ ነው። አንቺ ጥሬ ጉልበትና ስለት ፈልጊ። የስለቱን ደረጃ ቀለሙ ይነግርሻል፤ አረንጓዴ ስለት ጉዳቱን በ1.05፣ ሰማያዊው በ1.2፣ ነጩ በ1.32 ያባዛዋል። ስለት ሲወርድ ደግሞ ሰይፉ ከጠንካራው ቆዳ ላይ ይነጥራል፣ ሲነጥር ትንገዳገጃለሽ፣ ስትንገዳገጂ ትመቻለሽ። የመሳያ ድንጋዩ ራይዝ ላይ አያልቅም፤ ምን ያስቆጥብሻል? አውሬው አካባቢ በቀየረ ቁጥር ሳዪ።

ይሄ አውሬ ዛሬ የመጣ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2007 በእጅ በሚያዘው የጨዋታ ማሽን፣ ፒኤስፒ፣ ላይ በወጣው የሞንስተር ሀንተር ጨዋታ መክፈቻ፣ በበረዶ ተራራ የሚወጣውን አዳኝ ከገደል አሽቀንጥሮ የሚጥለው እሱ ነው፤ ገና መሣሪያ ሳትይዢ ይጥልሻል። በዚያን ጊዜ የፒኤስፒው ጨዋታ በራሱ ኢንተርኔት ላይ አያገናኝም ነበር፤ አራት ሰው አብሮ ለማደን በአካል መቀራረብ ነበረበት፣ ማሽኖቹ እርስ በርስ በሬዲዮ ይገናኛሉ። ጃፓን ውስጥ ልጁም አዋቂውም ፒኤስፒውን ይዞ እየተገናኘ ነበር የሚያድነው። የወደቀው ሰው ፊቱ ይታያል፤ ይሳቅበታል፣ ይስቃል፣ ይቀጥላል። አንቺ ግን ሰባት መቶ ማይል ርቀሽ ዝም ስትዪ፣ ተናደሽ ይሁን ባትሪሽ አልቆ ማን ያውቃል? ከመሄድሽ በፊት ስዊቾቹን ሳሎን ደርድረን አራታችን በሎካል፣ ያለ ኢንተርኔት ጎን ለጎን፣ አንዴ ሳንወጣ መቅረታችን ይቆጨኛል። ለሎካል ክፍያ አያስፈልግም፤ አራቱም የየራሳቸው ማሽንና ጨዋታ፣ የሁሉም ቨርዥን አንድ ዓይነት መሆን ብቻ ነው። ለገና ስትመጪ ከመነሳትሽ በፊት አፕዴት አድርጊው፤ እዚህ ደርሰሽ ሰዓት እንዳናባክን።

ወዴት ሄድኩ? ስለ መውጫሽ ልነግርሽ ነበር።

ዳንጎ፣ ከአደን በፊት የሚበላውን ምግብ፣ ሳትበዪ ከመንደሩ ከካሙራ አትውጪ። ላይፍሽም ስታሚናሽም (ብርታትሽ) ከ100 ወደ 150 የሚወጡት በእሱ ነው። ሳይበላ የወጣ አዳኝ በአንድ ምት የሚወድቀው አውሬው ስለበረታ አይደለም። መንገድ ላይ ስፒሪበርድ የሚባሉትን ወፎች፣ አረንጓዴዎቹን፣ ልቀሚ፣ ላይፍ ጨማሪዎቹ እነሱ ናቸው። ላይፍ የሚመልሱትን መድኃኒቶች ያዢ፦ ፖሽን 10፣ ሜጋ ፖሽን 10፤ ዝርዝሩን ሳጥኑ ውስጥ ሴቭ አድርጊው፣ በአንድ ጊዜ ይሞላልሻል። ከወደቅሽም ካምፑ ውስጥ ድንኳኑ ገብተሽ ሳጥኑን ክፈቺ፣ እንደገና ሙዪ። ባዶ እጅሽን ተንደርድረሽ ስትመለሺ ነው ሁለተኛውና ሦስተኛው ውድቀት ተከታትሎ የሚመጣው። ቡድኑ አንድ ደቂቃ ይጠብቅሻል፤ 50 ደቂቃ አላችሁ።

ስትመቺና ስትወረወሪ ዜድኤልና ቢ የሚባሉትን ቁልፎች ተጭነሽ በዋየርበግ፣ ክር በምትዘረጋው ነፍሳት፣ መውጣት ለምደሻል። ሁልጊዜ አይደለም ልጄ! ሁለተኛ ምት እየመጣ ከሆነ መሬት ላይ መቆየት ይሻላል፤ ወድቀሽ እስክትነሺ አይመታሽም። ቸኩለሽ ስትዘዪ ከምቱ ጋር አየር ላይ ትገናኛላችሁ። ፖሽን ደግሞ አውሬው ወደ ሌላ ሰው ዞሮ ሳለ ጠጪ፤ ወዳንቺ እየመጣ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሽሺ። ሽሽትሽም ፖሽን እየጠጣ ወዳለው ሰው አይሁን፤ አውሬውን እየጎተትሽ ታመጪበታለሽ።

አውሬው ተዳክሞ ካርታው ላይ ምልክቱ አጠገብ ሰማያዊው ምልክት ከታየ፣ በሕይወት መያዝ ይቻላል ማለት ነው፤ እጅ ይቆም። አንድ ሰው ብቻ ወጥመድ ይጣል፤ ቤቲ ትጣል፣ እርጋታ አላት። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከጣለ አንዱ ይባክናል። ወጥመዱ ውስጥ እንደገባ ሁለት ማደንዘዣ ቦምብ፣ አለቀ። እዚህም ነው አንድ ልጨምር የምትዪው፤ ጭራውን ልቁረጥ ብለሽ ስትመቺ ወጥመዱን ሰብሮ ይወጣል። ጭራ የሚፈለግ ከሆነ በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ይቆረጥ።

አሁን ደግሞ ስለ ሌሊቱ። ናቲ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ኦንላይን እንዳየሽ ነግሮኛል። «አንድ ልጨምር» እዚያም አለች። በስድስት ሰዓት አንድ ልጨምር ካልሽ ሰባት ሊሆን ምን ቀረው? የጠዋት ክፍል ባለሽ ቀን አምስት ሰዓት ላይ ስዊቹን ዶኩ ላይ አስቀምጪው፤ ይህን ስል እየቀለድኩ አይደለም። ጎበዝ ነሽ፤ ከናቲ የተሻለ እጅ አለሽ፤ እሱ እንዳይሰማ እንጂ። ድካም ላይ ግን የማንም እጅ ይዘገያል።

ለቤቲ ደውይላት። ይቅርታ ምናምን ብለሽ አታስረዝሚው፤ «ቅዳሜ ቲግሬክስን እንመለስበት» በያት፣ ይገባታል። መሣሪያዋን ሆርኗን ይዛ ትመጣለች፤ እኔ ላንስ፣ ረጅሙን ጦር፣ ይዤ ፊቱን እይዝልሻለሁ። ሎቢውን፣ ኦንላይን የምንሰበሰብበትን፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እከፍታለሁ፤ ፓስኮዱን ናቲ ይልክልሻል።

አባትሽ

እንዳትረሺ፦ ስዊችሽ ባትሪ አይይዝም ያልሽው ምናልባት የስልክ ቻርጀር እየሰካሽበት ነው፤ ኃይሉ ስለሚያንስ እየተጫወትሽ ቶሎ አይሞላም። ዋናውን ቻርጀር መሳቢያሽ ውስጥ አግኝቼዋለሁ። ሰኞ በፖስታ እልከዋለሁ፣ ካፖርትሽም አብሮ አለ።