ጀልባው ላይ ከመውጣትሽ በፊት

ልጄ፣ እንዴት ነሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የታኅሣሥ ብርድ ደሴን ይዟታል፣ ጠዋት ጠዋት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ አያስወጣም። አንቺ እዚያ ጂቡቲ በላብ ተጠምቀሽ እንደምትስቂብን አውቃለሁ።

ወንድምሽ ትናንት ፎቶሽን አሳየኝ። ጀልባ ጫፍ ላይ ቆመሽ፣ ላይፍ ጃኬት የለ፣ ምን የለ፣ ልትዘዪ እጅሽን ዘርግተሽ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ከሥራ ጓደኞችሽ ጋር በሸራ ጀልባ ለሦስት ቀን ልትሄጂ ነው አለኝ። መጀመሪያ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች፣ ከዚያ ዌል ሻርክ የሚሉትን ዓሣ ፍለጋ ወደ አርታ ባሕር ዳርቻ፣ መጨረሻ ጉቤት ወደሚሉት የባሕር ወሽመጥ። ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም? አባቴ ይከለክለኛል ብለሽ ነው። አልከለክልሽም። ግን አንድ ነገር ስሚኝ፦ ብቻሽን ውሃ እንዳትገቢ።

ስለ ዌል ሻርኩ በወንድምሽ ስልክ ሳነብ አመሸሁ። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው፣ ያደገው 12 ሜትር ያልፋል፣ ድሮ እነዳት ከነበረችው የጭነት ፊያት ይረዝማል ማለት ነው። የሚበላው ግን ፕላንክተን የሚሉትን ደቃቅ ነገርና ትንንሽ ዓሣ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣውም ይህ ምግብ ስለሚበዛለት ነው። እናንተ ጋ የሚታዩት አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ወንዶች ናቸው ብዬ ሳነብላት እናትሽ «ጎረምሳ ከሆነማ ይብሳል!» አለች። ጀርባው ላይ ያለው ነጭ ነጠብጣብ የአንዱ ከሌላው ስለማይገጥም በፎቶ ይለዩታል። ሰው አይበላም። ጭራው ግን ከመታሽ ቀልድ አይደለም። እንዳትነኪው፣ ፊቱም እንዳትቆሚበት። ከጎኑ 3 ሜትር፣ ከጭራው 4 ሜትር ራቂ።

አሰብ ስንት ዓመት እንደተመላለስኩ ታውቂያለሽ። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ኤሊዳር፣ ቡሬ፣ አሰብ። ማታ ማታ ሾፌሩ ሁሉ አቧራውን ሊያራግፍ ባሕር ይወርዳል፣ እኔ ከጉልበቴ በላይ ገብቼ አላውቅም። ረዳቴ ግን፣ የሐርቡው ልጅ፣ ቦርከናን ዋኝቻለሁ ብሎ የሚፎክረው፣ አንድ ቀን ሰው ሁሉ እራት ላይ እያለ ብቻውን ገባ። ውሃው እየሳበ ወሰደው። ዓሣ አጥማጆች ናቸው ጎትተው ያወጡት። ሽፋሽፍቱ ላይ ጨው ደርቆ፣ የሸሚዜን ደረት ጨምድዶ ይዞ አልለቅም አለ፣ ሁለት ቁልፍ በጠሰብኝ። እሱ እኮ ነው ኮምቦልቻ ሱቅ ያለው፣ ልጅ ሆነሽ ከረሜላ የሚሰጥሽ። ዛሬም ባሕር ሲነሳበት ወሬ ይቀይራል። ብቻውን ስለገባ ነው።

እናትሽ በዚያን ጊዜ አንድ ቀን ውሰደኝ ትለኝ ነበር። በሚቀጥለው ጭነት እላታለሁ። ሙቀቱ አይሆንሽም እላለሁ፣ ልጁ ጡት ይጣል እላለሁ፣ መኪናው ይታደስ እላለሁ፣ እንዲህ እንዲህ ስንል 1990 ግንቦት ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ መጣና የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ጭነቱ ሁሉ ወደ ጂቡቲ ዞረ። እናትሽ ከዚያ በኋላ ውሰደኝ ብላኝ አታውቅም። ነቅፋኝም አታውቅም። ትናንት ግን መነጽሯን አድርጋ፣ ፎቶሽን በሁለት ጣቷ እየለጠጠች ስታይ፣ ጠጋ ብዬ ባይ አንቺን አልፋ ከኋላሽ ያለውን ውሃ ነው የምታየው። «እንዲህ ነው እንዴ ሰማያዊነቱ?» አለች። ምን ልበላት።

ስለዚህ ቪዲዮ ቅረጪላት። የራስሽን ፊት ተይው፣ እሱን ጠግበነዋል። ውሃውን፣ ኤሊ ካያችሁ ኤሊውን፣ ዶልፊን ካለፈ ዶልፊኑን። ስልክሽን ውሃ በማያስገባ ነገር ሸፍኚው፣ ዕዳው ገና አላለቀም።

ጉቤት ላይ ተጠንቀቂ። መግቢያው ጠባብ ስለሆነ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ውሃው በዚያች በር ይሮጣል። የጀልባው ሰውዬ አትግቡ ካለ አትግቡ፣ ከእሱ ጋር ክርክር የለም፣ አንቺ ደግሞ ክርክር ትወጃለሽ። በሆድሽ ተኝተሽ ውሃ ውስጥ እያየሽ ስትንሳፈፊ ጀርባሽ ለፀሐይ ነው፣ ውሃው ስለሚያቀዘቅዝሽ መቃጠልሽን አታውቂም፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ቲሸርት ልበሺ። ኮራሉ ላይ አትቁሚ፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ እግርሽንም ይቆርጥሻል። ማዕበሉ ካቅለሸለሸሽ ዝንጅብል አኝኪ። ላይፍ ጃኬቱንም ልበሺው እንጂ ትራስ አታድርጊው። አብሽሪ፣ ላስፈራራሽ አይደለም፣ እንዲያውም ደስ ብሎኛል። ብቻ ብቻሽን እንዳትገቢ።

አንድ የድሮ ባልደረባዬ ማክሰኞ ከኮምቦልቻ ጭኖ ይነሳል። እናትሽ በርበሬና ዳቦ ቆሎ አስራለች፣ ዝንጅብሉም እዚያው አለ። ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ ካልያዘው ሐሙስ ጂቡቲ ከተማ ዳር ፒኬ 12 ይደርሳል፣ ስልኩን ወንድምሽ ይልክልሻል። እንዳታስጠብቂው፣ ሰውዬው ቁጡ ነው። ዳቦ ቆሎውን ለጓደኞችሽም አካፍዪ፣ በተለይ አብራሽ ውሃ ለምትገባው። ለመሆኑ ማን ናት? መዋኘት ትችላለች? ስሟንና ስልኳን ዛሬውኑ ላኪልኝ።

አባትሽ