የማዳበሪያ ድጎማ ለማን እንደደረሰ ይለጠፍ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ አፈር ማዳበሪያ ድጎማ በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ዘገባዎች እከታተላለሁ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ሲንር ፌዴራል መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር መደጎሙን ሰምተናል፤ የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላም፣ ማዳበሪያው በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ስለሆነ፣ ድጎማው መቀጠሉ የግድ ነበር። በየዘገባው ያጣሁት ግን ያ ገንዘብ በየትኛው ወረዳ፣ በየትኛው ቀበሌ፣ በማን ማሳ ላይ እንዳረፈ ነው።

በጣና ዳርቻ ባለ አንድ የገበሬዎች መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ስይዝ ቆይቻለሁ። ገበሬው ባለ 50 ኪሎ ሁለት ጆንያ ዩሪያ በአህያ ጭኖ ከመጋዘን ሲወጣ በእጁ ያለው ደረሰኝ የከፈለውን ብር ብቻ ያሳያል፤ መንግሥት በዚያ ኩንታል ላይ የጨመረው ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። ስለዚህ ጆንያው በጓሮ በር ወጥቶ ነጋዴ እጅ ሲገባ የድጎማው ብርም አብሮ መሄዱን የሚያስተውል ጥቂት ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው የማዳበሪያ ያለህ ሲሉ የጠየቁት ማዳበሪያውን እንጂ የድጎማውን ሒሳብ አልነበረም፤ የዘር ወቅት እያለፈበት ማን ሒሳብ ይጠይቃል?

ከዚህ የሚብሰው የእኩል አራሹ ጉዳይ ነው። በክልላችን ሰፊ የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ጎጆ የወጣው ወጣት አብዛኛው የሚያርሰው የሌላ ሰው መሬት ነው፤ በሬ የሌላት ባሏ የሞተባት ሴትና አቅሙ የደከመ ሽማግሌ መሬታቸውን ለእሱ በእኩል ይሰጣሉ። እኔ በነበርኩበት ቀበሌ የማዳበሪያ ፍላጎት የሚመዘገበው ግን የይዞታ ደብተር ባለው ሰው ስም ነበር። በመሆኑም ማዳበሪያውን መሬት ላይ የሚበትነው ሰው ከመዝገቡ ውጭ ይቀርና ጎደለብኝ ብሎ የሚሟገትበት ወረቀት አይኖረውም፤ የደብተሩ ባለቤትም ድርሻዋን ለማን እንዳሳለፈች የሚጠይቃት የለም። የበቆሎ ዩሪያ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ ቡቃያው ጉልበት ሲደርስ ካልተጨመረ፣ ከወር በኋላ የሚገኘው ጆንያ በድጎማም ቢሆን ብዙ አይጠቅምም።

በአሜሪካ በየካውንቲው የግብርና ድጎማ የተቀበሉ ሰዎች ስምና የተከፈላቸው ገንዘብ ለሕዝብ ስለሚገለጥ፣ ማንም ሰው ጎረቤቱ የወሰደውን ማየት ይችላል፤ ከድጎማው ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት ትልልቆቹ እርሻዎች መሆናቸውም በዚሁ መንገድ ታውቆ ሲያከራክር ኖሯል። የእኛ ድጎማ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በዋጋ ቅናሽ የሚመጣ በመሆኑ አሠራሩ እንዳለ አይገለበጥም፤ ሆኖም በየቀበሌው ጽሕፈት ቤትና በማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ለቀበሌው የገባው ኩንታል፣ የአንዱ ኩንታል ሙሉ ዋጋ፣ ከዚያ ላይ መንግሥት የከፈለው፣ ቀጥሎም የእያንዳንዱ ተቀባይ ስምና ኪሎ ቢለጠፍ ከወረቀትና ከማጣበቂያ ሌላ ወጪ የለውም። የዕድር ሒሳብ እንኳ በአባላት ፊት ይነበባል። በስም ዝርዝሩ ላይ ከደብተር ባለቤቷ ጎን የእኩል አራሹ ስም የሚጻፍበት አንድ ዓምድ መጨመርም ለልማት ሠራተኛው ከባድ አይደለም፤ ማን የማንን መሬት እንደሚያርስ ከእሱ የተሰወረ አይደለምና።

ዝርዝሩ ቅናት ያመጣል፣ ጠብ ያነሣል የሚሉ ይኖራሉ። ጠቡማ አሁንም አለ፤ ልዩነቱ ዛሬ የሚጣሉት በወሬ መሆኑ ነው።

መለጠፉ ከሥርጭቱ በኋላ ሳይሆን ከግንቦት በፊት መሆን ይኖርበታል፤ የባሕር ዳር ዙሪያና የሜጫ በቆሎ አምራችም ሆነ የፎገራ ሩዝ አምራች ስሙ ከቀረ አቤት የሚልበት ጊዜ የሚያገኘው ያኔ ነው። ጋዜጣችሁም በሚቀጥለው የድጎማ ዘገባው ከጠቅላላው ቢሊዮን ጎን የጣና ዙሪያ ወረዳዎች እያንዳንዳቸው የደረሳቸውን ኩንታል ከሚመለከተው ክፍል ጠይቆ እንዲያወጣልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር