ያቺ ሳንቲምህ

ለማልረሳህ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ምን እንደምትል አውቃለሁ። ሰበብ አልደረድርም። ሰነፍኩ፣ በቃ።

ልጅህ በስታቲስቲክስ ትምህርቷ የመላምት ፍተሻ አልገባ ብሏት መቸገሯን ጽፈህልኛል። አትቆጣት። ትምህርቱ የሚጀምረው በተገላቢጦሽ ነው። የጠረጠርከውን ነገር ወደ ጎን ትተህ "ምንም የተለየ ነገር የለም እንበል" ብለህ ትነሳለህ። ይህ ባዶ መላምት ይባላል። ከዚያ ያየኸው ነገር ከዚህ ግምት ጋር ይስማማ እንደሆነ ትመዝናለህ።

ሰሌዳ የሚያጸዳውን ለመለየት የምንወረውራት ሳንቲምህ ትዝ ትልሃለች? አንድ ቀን ከ10 ውርወራ 8ቱ ዘውድ ሆኖ በክፍሉ ሁሉ ፊት አጭበርባሪ አልኩህ። ይኸው ዛሬ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ሳንቲሟ ጤነኛ ናት፣ ሁለቱም ገጿ እኩል የመውጣት ዕድል አለው እንበል። 10 ውርወራ በ1,024 ዓይነት መንገድ ሊወጣ ይችላል። 8 ዘውድ የሚሰጡት 45፣ 9 የሚሰጡት 10፣ አስሩንም ዘውድ የሚያደርገው 1 ነው። ድምሩ 56፣ ማለትም 5.5 በመቶ ገደማ። ዘጠኝና አስርን የደመርኩት እነሱ ቢወጡ ደግሞ ይብስ እጠረጥርህ ስለነበር ነው። ፒ-ቫልዩ የሚሉት ይሄው ነው፤ ሳንቲሟ ጤነኛ ሆና ሳለ ያየነውን ያህል ወይም የባሰ ነገር የማየት ዕድል።

ባዶውን መላምት ለመጣል የተለመደው መስመር 5 በመቶ ነው፤ ፒ-ቫልዩው ከዚያ ካነሰ ይጣላል። ከሰማይ የወረደ እንዳይመስላት። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በ1925 እ.ኤ.አ. ከ20 አንድ ይመቻል ብሎ ጻፈ፣ ሰዉም ተከተለው። ያንተ 5.5 ከመስመሩ ለጥቂት ስላለፈ ባዶውን መላምት መጣል አልችልም። ስለዚህ ይቅርታ አድርግልኝ።

ግን እንዳትፈነጥዝ! መጣል አልቻልኩም ማለት ሳንቲምህ ንጹሕ ናት ማለት አይደለም። ማስረጃዬ አነሰ ማለት ነው። 20 ጊዜ ወርውረን 16 ዘውድ ብናገኝ ያው 80 በመቶ ነው፤ ፒ-ቫልዩው ግን ወደ 0.6 በመቶ ይወርድ ነበር። ያኔ አትለቀቅም ነበር።

ንጹሑን መወንጀል የመጀመሪያው ዓይነት ስህተት ነው፤ አጭበርባሪውን ማሳለፍ ሁለተኛው። ይሄን ቶሎ ትይዘዋለች። አደገኛው ሌላ ነው። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ "ፒ-ቫልዩ ባዶው መላምት እውነት የመሆኑ ዕድል ነው" እያልኩ አስተምሬያለሁ። አይደለም! ስሌቱ ገና ሲጀመር መላምቱ እውነት ነው ብሎ ነው የተነሳው፤ ስለ ራሱ እውነትነት እንዴት ይናገራል? አንዲት ተማሪ ጠይቃኝ ጠመኔ ይዤ ቀረሁ።

ሳንቲሟ አሁንም ካለችህ ለልጅህ ስጣትና 20 ጊዜ ትወርውራት። ከመወርወሯ በፊት ግን ስንት ዘውድ ሲሆን እንደምትጠረጥራት አስልታ ወረቀት ላይ ታስፍር። ሃያው ሳይሞላ ማቆም፣ ከሞላ በኋላም መጨመር የለም። "አንዴ ብቻ እንድገም" እያልክ እስክታሸንፍ ትጎትተው የነበርከው አንተ ነህና ይሄን አንተ አስረዳት።

16 ከወጣ ይቅርታዬን እመልሳለሁ።

የድሮው ሰሌዳ አጽጂ