ከናራ ለሚደርስህ ቀለም

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምህ? እናትህ ደኅና ናቸው? መሪጌታ አባትህስ በርትተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከተጻጻፍን ዓመታት አለፉ፤ የኑሮውን ነገር በሌላ ጊዜ አጫውትሃለሁ። ዛሬ ልቤን የሞላው ነገር ሌላ ነው።

ሱሚ ይሉታል፤ ጃፓኖች ለብሩሽ ጽሕፈታቸው የሚገለገሉበት ደረቅ ቀለም ነው። የጣት ርዝመት ያላት ጥቁር ቁራጭ ናት። ድንጋይ ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርገህ ቀስ እያልህ ስታሻት ትሟሟለች። አሮጌዎቹን ማሰባሰብ ከጀመርሁ ሰነባበትሁ። የዚህ አገር ደረቅ ቀለም አብዛኛው የሚወጣው ከናራ ከተማ ነው፤ ኮባይኤን የሚባለው ቤት እ.ኤ.አ. ከ1577 ጀምሮ እዚያው ይሠራል።

አሠራሩን ሳይ መሪጌታ ፊቴ ድቅን አሉ። እሳቸው ለብራናው ቀለም ከምጣድና ከድስት ጥቀርሻ ይፍቁ አልነበር? እዚህም መነሻው ጥቀርሻ ነው። የጎመንዘር ወይም የሰሊጥ ዘይት በሸክላ ሳህን ተሞልቶ ክር ይለኮስበታል፤ ከላይ የተደፋው ክዳን ጭሱን ይቀበላል። ጥቀርሻው በአንድ ወገን እንዳይከማች ሠራተኛው ክዳኑን በየጊዜው ያዞረዋል። ክሩ በቀጠነ መጠን ጥቀርሻው ይልማል። ከዚያ ከቆዳ ተቀቅሎ በወጣ ሙጫና በሽቶ ይለወሳል፤ በእጅም በእግርም ታሽቶ በእንጨት ቅርጽ ውስጥ ይጨመቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በብርዱ ወራት ብቻ ነው፤ ሙቀት ሙጫውን ያበሰብሰዋልና።

ማድረቁ ደግሞ የትዕግሥት ሥራ ነው። ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ይሰነጠቃል። ስለዚህ መጀመሪያ እርጥበት ባለው አመድ ይቀብሩትና አመዱን በየቀኑ ደረቅ ወዳለው እየለወጡ ውኃውን ቀስ በቀስ ያወጡለታል። ቀጥሎ በገለባ አስረው ከጣሪያ ሥር ለወራት ይሰቅሉታል።

ብዙ ሰብሳቢዎች የወርቁን ቅብ፣ የተቀረጸውን ዘንዶና የሳጥኑን ውበት ወድደው ይገዛሉ፤ አንዴም ሳያሹት ቆልፈው ያኖሩታል። ይህ ያሳዝነኛል። ቀለሙ የሚታወቀው ውኃ ሲነካው ነው። ከዘይት ጥቀርሻ የተሠራው ሲቀጥን ወደ ቡናማ ያደላል፤ ከጥድ ጥቀርሻ የተሠራው ሰማያዊ ያዘለ ጥላ ያወጣል፤ ያን ሰማያዊ ብታየው! ደግሞም ቀለሙ ያረጃል። አዲሱ ሙጫው ብርቱ ስለሆነ ይከብዳል፤ ዓመታት ሲያልፉ ሙጫው ይላላና ቀለሙ በወረቀቱ ላይ እንደ ልቡ ይሰፋል። ሙጫው ግን መድከሙን አያቆምም፤ ፈጽሞ ሲሞት ቀለሙ ይፈረፈራል፣ ወረቀትም አይዝም። በናራ የሾሶይን ግምጃ ቤት ከ8ኛው መቶ ዘመን የቆዩ ቀለሞች አሉ፤ እነዚያ ታሪክ ናቸውና ይጠበቁ። ለመጻፊያ የተሠራውን ግን ጊዜው እስኪያልፍ መሸሸግ ለሠሪው ድካም ክብር አይመስለኝም።

ሁለት ቀለም ልኬልሃለሁ። አንደኛው ከጥድ ጥቀርሻ የተሠራ አሮጌ ነው፤ ዛሬውኑ ጀምረው። ሁለተኛውን እኔው በመዳፌ ጨብጬዋለሁ። በብርዱ ወራት ከናራ ቀለም ቤቶች አንዳንዶቹ ለእንግዳ ትኩሱን ሊጥ ያስጨብጣሉ፤ አድርቀውም ከወራት በኋላ ይልኩለታል። የጣቶቼ አሻራ በላዩ አለ። እሱን ጥቂት ዓመታት አቆየው፤ ገና ብርቱ ነው። ሁለቱንም በወረቀት ጠቅልለህ ከፀሐይ አርቅ፤ አሽተህ ስትጨርስም እርጥቡን ጫፍ ጥረገው፣ ድንጋዩ ላይም አትተወው፤ ይጣበቅብሃል።

ይህ ቀለም በመቃ ብዕር ተጽፎ ብራና ላይ ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅም። መሪጌታ ይሞክሩት፤ አሽተው፣ አሽትተው፣ ጽፈው የሚሰጡትን ፍርድ ሳትቀንስ ጻፍልኝ። ካልወደዱትም ምኑን እንዳልወደዱት ንገረኝ።

ወንድምህ