ሦስት መስመር ብቻ ለደረሳችሁ

ውድ የቴአትር ቡድናችን አባላት፣

የሚና ድልድሉ ከወጣ ወዲህ ፊታቸው የጠቆረ ልጆች አይቻለሁ። ይገባኛል። የእኔም የመጀመሪያ ሚና ደብዳቤ ሰጥቶ የሚወጣ መልእክተኛ ነበር። ሦስት መስመር፣ አለቀ። አርባ ደቂቃ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ ተራዬን እጠብቃለሁ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ግን ማዳመጥ ለመድኩ። ዋናዋ ተዋናይት ከማልቀሷ በፊት ትንፋሿን ትይዛለች። ተመልካቹም አብሯት ይይዛል።

አንድ ማታ ቃሏ ጠፋባት። ደብዳቤውን ሰጥቼ መውጣት ሲገባኝ ቆም አልኩና፣ «እመቤቴ፣ ላንብብልዎት?» አልኳት። ዓይኗ በራ፤ ቃሏ ተመለሰ። አዳራሹ ውስጥ ማንም አልነቃብንም። እስከ ዛሬ ከጭብጨባው ይልቅ የምትናፍቀኝ ያቺ ቅጽበት ናት።

ደሞዝ የለንም፣ እውነት ነው። ታላቁ ሩሲያዊ ተዋናይና የቴአትር አዘጋጅ ስታኒስላቭስኪም እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮ አርት ቴአትርን ከባልደረባው ጋር ከመመሥረቱ በፊት፣ የቤተሰቡ ፋብሪካ ውስጥ እየሠራ ለዓመታት በአማተርነት ይተውን ነበር። (አማተር የሚለው ቃል ራሱ ሥሩ በላቲን «መውደድ» ነው።)

ማክሰኞ ልምምድ አለ። ቃለ ተውኔታችሁን በቃላችሁ ይዛችሁ ኑ። መስመር የሌላችሁም እንዳትቀሩ፤ የምንጀምረው ከእናንተ ትዕይንት ነው።