ባሩድ በሚዛን እንጂ በስፍር አይሞላም

ጅማ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ዝምታው በሁለታችንም በኩል ስለ ነበር ወቀሳ አላነሣም፤ ደብዳቤህ ግን ቤቱን በሙሉ በደስታ ሞልቶታል። የቀረውን ወሬ ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ቶሎ መልስ ወደሚሻው ጥያቄህ እገባለሁ።

ዴንቨር ላይ የአጋዘን አደን መጀመርህን፣ የተኮስኸውንም ቀለህ እየሰበሰብህ ጥይትህን ቤትህ ውስጥ ራስህ ልትሞላ ማሰብህን ጽፈህልኛል። በእኛ አገር የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ነገር ስለሆነ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ በጓዳው ጥይት ሊሠራ አይችልም። እናንተ ዘንድ አሜሪካ ለራስ አደን የሚሞላ ሰው በፌዴራሉ ሕግ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ለመሸጥ ከሆነ ግን ይጠየቃል። የምትኖርበትን ክልል ሕግ ደግሞ ራስህ አጣራ። እኔን የጠየቅኸኝ ዕድሜዬን ከመድኃኒት ሚዛን ጋር ስለኖርሁ እንደሆነ ይገባኛል፤ ስለዚህ የማውቀውን ሳልሸሽግ እነግርሃለሁ።

ከደብዳቤህ ያስደነገጠኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «አባቶቻችን የውጅግራ ቀለህ በስፍር እየሞሉ ይተኩሱ አልነበረምን?» ብለሃል። ውጅግራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1874 የወጣ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር አረር የሚተኩስ ሲሆን ጥይቱ የሚሞላው በጥቁር ባሩድ ነበር። ጥቁር ባሩድ ቀለሁን እስከ አረሩ ድረስ ስለሚይዘው፣ ሰፋሪው ቢዘነጋና ሁለተኛ ሊጨምር ቢሞክር እንኳ ትርፉ ወደ ውጭ ይፈስሳል እንጂ እጥፍ ሆኖ አይገባም። ፖል ቪየይ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ከሠራ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ይህኛው በእኩል ክብደት ከጥቁሩ እጅግ የበለጠ ኃይል ስላለው አንዳንዱ ዓይነት ቀለሁን በግማሽ እንኳ ሳይሞላ ሥራውን ይጨርሳል። አደጋው ያለው እዚያ ባዶ በቀረው ቦታ ውስጥ ነው፤ ሁለት ጊዜ የተሞላ ቀለህ አረሩ ከላዩ ከተጫነበት በኋላ ከውጭ ሲያዩት ከጓደኛው አይለይም።

ሌላም ጠባይ አለው። ጭስ አልባ ባሩድ በታፈነ ቦታ ሲነድ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ነዲዱ ይፈጥናል፤ ነዲዱ ሲፈጥን ደግሞ ግፊቱ መልሶ ያድጋል። በመሆኑም በላይኛው ወሰን አቅራቢያ የምትጨምራት ጥቂት ባሩድ የምታስከትለው ግፊት ከእርሷ መጠን ጋር አይመጣጠንም። ላንተ .308 ጠመንጃ የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 62,000 ፒ.ኤስ.አይ. (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው፤ ይህም በባሕር ጠለል ካለው የአየር ግፊት ከ4,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ያንን ሁሉ የሚያግደው ብረት ያለው ደግሞ ከፊትህ ጥቂት ጣት ርቆ ነው።

ስለዚህ አረሩን ቀለሁ ላይ ከሚጭነው መጫኛ መሣሪያ በፊት ጥሩ ሚዛንና ባሩዱን የሚሠራው ፋብሪካ የሚያወጣውን የመጠን ሰንጠረዥ ግዛ። መጫኛው አንድ በአንድ የሚሠራው ዓይነት ይበቃሃል፤ በእጅህ ሥራ ላይ እያንዳንዱን ቀለህ እንድታይ ያስገድድሃል። ባሩድ የሚመዘነው በግሬይን ነው፤ አንዱ ግሬይን 64.8 ሚሊ ግራም ያህል ሲሆን እኛም በሙያችን የጥንት መለኪያችን ስለሆነ እናውቀዋለን፤ እናንተ አገር የሚሸጠው አስፕሪን 325 ሚሊ ግራም የሆነው 5 ግሬይን ስለ ነበር ነው። የኤሌክትሮኒክ ሚዛን አንድ ቁልፍ በስሕተት ሲነካ ከግሬይን ወደ ግራም ይገለበጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ15 እጥፍ በላይ ነው። ሥራ በጀመርህ ቁጥር ክብደቱ በታወቀ መፈተሻ ሚዛንህን አረጋግጥ፤ ነፋስ ማራገቢያው ይጥፋ፤ ስልክህም ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ዓይነት ባሩድ በላይ በፍጹም አይኑር፤ የተረፈውም ወደ ራሱ ዕቃ ይመለስ። እኛ ሁለት ዱቄት ጎን ለጎን ከፍቶ የሚቀምም ሰው ስናይ ዝም አንልም።

ከሰንጠረዡ የመነሻውን መጠን ያዝ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው ወሰን አንድ አሥረኛ ያህል ዝቅ ያለ ነው። ሌላ ሰው «በእኔ ጠመንጃ ሠርቷል» ያለውን ቁጥር አትውሰድ። ለጠመንጃህ ከተፈቀዱት መካከል ከቀለሁ ግማሽ በላይ የሚሞላውን ባሩድ ምረጥ፤ እጥፍ ቢደረግበት ይፈስሳልና ራሱ ይነግርሃል። አረሩን ከመጫንህ በፊትም ቀለሆቹን በሙሉ ደርድረህ በመብራት የሁሉንም ውስጥ ተመልከት።

ቀለሁን በተመለከተ፣ የወታደር ቀለህ ግድግዳው ብዙውን ጊዜ ወፈር ስለሚል ውስጡ ይጠብባል፤ ያው መጠን እዚያ ውስጥ የበለጠ ግፊት ይፈጥራል። በቂጡ አጠገብ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ያወጣ ወይም አንገቱ የተሰነጠቀ ቀለህ ይጣል። ተኩሰህ ድምፁ ደከም ካለብህ ደግሞ ሁለተኛ አትተኩስ። መለኮሻው፣ ማለትም በቀለሁ ቂጥ ተቀምጦ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው፣ ብቻውን ነድዶ አረሩን አፈሙዙ ውስጥ ወትፎት ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩ ጥይት ጠመንጃውን ያፈነዳዋል።

ስለ ልጆችህ የምለውን አጥብቀህ ስማኝ። የተተኮሰ ቀለህ ሲጸዳ ከሚወጣው አቧራ ውስጥ ከመለኮሻው የቀረ እርሳስ አለ፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል። በማእድ ቤትና ልጆች በሚጫወቱበት ክፍል አትሥራ። በደረቅ ከምታጸዳ በውኃ አጽዳ፤ እጅህንም በሳሙና ሳትታጠብ እህል አትንካ።

የመጀመሪያዎቹን ጥይቶች ብቻህን እንዳትሞላ እለምንሃለሁ፤ በአደን ማኅበራችሁ ውስጥ ዘመን የቆየበት ሰው ፈልገህ ከጎንህ አስቀምጥ። የመረጥኸውን ባሩድ ስምና የአረሩን ክብደት፣ ሰንጠረዡ ከሚለው መነሻ ጋር ጻፍልኝ፤ እኔም ስሌቱን እዚህ ደግሜ አይቼ በዚያው ሳምንት እመልስልሃለሁ።

አክባሪ ወንድምህ