ሲያለቅስ ስልኩን አትስጪው

ልጄ፣

እንኳን ሕፃኑን ለሁለት ዓመቱ አበቃልሽ። ወንድምሽ ከናንተ ተመልሶ ሁሉንም አጫወተኝ። አፉን መፍታቱን ሲነግረኝ ደስ እያለኝ ሳለ፣ ስልክ ካልተከፈተለት አይጎርስም፣ ሲቀሙት መሬት ላይ ይንፈራፈራል ሲለኝ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። ከሁሉ በፊት ይህንን ስሚኝ፤ ሲያለቅስ ስልኩን አትስጪው።

ለምን አየ ብዬ አይደለም የምቆጣሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ከዚያ ካነሰም ይሻላል ይላል። እኔን ከደቂቃው በላይ የሚያስጨንቀኝ የምትሰጪበት ጊዜ ነው። ልጅ ንዴቱን ማብረድ የሚማረው ታቅፎ፣ «ተናደድክ አይደል?» ተብሎ፣ በትዕግሥት ሲጠበቅ ነው። ስልኩ ወዲያው ዝም ያሰኘዋል፤ ንዴቱ ግን አልበረደም። ልቅሶ ስልክ እንደሚያመጣለትም አወቀ።

ስትከለክዪው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ልቅሶው ይብስበታል። ብዙ እናት የምትሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ በሦስተኛው ቀን አንጀቷ አልችል ብሎ ትሰጠዋለች። ያኔ ልጁ «አጥብቄ ካለቀስኩ ይሰጡኛል» ብሎ ይይዛል፤ የሚቀጥለው ልቅሶ ይረዝማል። ዛሬ ሰጥቶ ነገ መንፈግ ልማዱን ያጠነክረዋል። ስለዚህ ባልሽም ሞግዚቷም ከአንቺ ጋር አንድ ቃል ይሁኑ፤ ሲያለቅስ ስልክ የለም።

የሚያይበትን ሰዓት አንቺ ወስኚ፤ ለምሳሌ ከቀን እንቅልፉ ሲነቃ 20 ደቂቃ፣ አጠገቡ ተቀምጠሽ። በዚህ ዕድሜ ብቻውን ከስክሪን የሚይዘው ከሰው ከሚማረው በጣም ያንሳል፤ «ውሻው የት ገባ?» እያልሽ ጠይቂው። አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላውን በራሱ የሚያስከትለውን አውቶፕሌይ አጥፊ፤ ያየው ሲያልቅ መዝጋት መሃል ላይ ከመንጠቅ ይቀላል። በባልሽ አይፎን ሴቲንግስ፣ ከዚያ አክሰሲቢሊቲ፣ ከዚያ ጋይድድ አክሰስ ገብተሽ አብሪው። አፑን ከፍተሽ የጎኑን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ተጭነሽ ስታስጀምሪው ልጁ ከዚያ አፕ አይወጣም፤ ደቂቃም ልትገድቢበት ትችያለሽ።

ገበታ ላይ ግን ፈጽሞ! ዓይኑ ስክሪን ላይ ሆኖ አፉን ብቻ የሚከፍት ልጅ መጥገቡን አያስተውልም። ጥቂት በልቶ ቢነሳ ተዪው። ከመኝታው 1 ሰዓት በፊትም ሁሉም ይጥፋ።

ደግሞ የሪሞቱ ክዳን በፕላስተር ተይዟል አሉኝ! ባትሪው እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ከሆነ ዛሬውኑ እጁ ከማይደርስበት አርቂው። ቢውጠው በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ክፉኛ ሊያቃጥለው ይችላል። እንዲያስመልሰው አታድርጊ፣ ምልክት እስኪታይም አትጠብቂ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ።

አንቺ ሕፃን ሳለሽ ቴሌቪዥኑ ማንም ሳያየው ተከፍቶ ይውል ነበር። ድምፁ የወላጅን ወሬ እንደሚቀንስ፣ የልጅንም ጨዋታ እንደሚያቋርጥ አላውቅም ነበር። ስንት ነገር ሳላወራሽ እንደቀረ ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል፤ ልጄ፣ ይህንን ለአንቺ አልመኝልሽም። የሚያየው ከሌለ አጥፉት። ያንቺም ስልክ እሱ ሲጫወት ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ የሚያየው አንቺን ነውና።

ቅዳሜ በቪዲዮ እደውላለሁ። ይህ ሌላ ነው፤ ሲናገር የሚመልስለት ሰው አለ። ስልኩን አንቺ ያዥው፣ እሱን ጭንሽ ላይ አስቀምጪው፣ ያልኩትን ድገሚለት። ሰልችቶት ቢወርድ አትጎትቺው። ሲዘጋ ቢያለቅስም እቀፊው እንጂ ስልኩን አትስጪው።

እናትሽ